ማንፑራ፦ የማዕበሉና የቸልተኝነት ሰለባ

ኖቬምበር 12 ቀን 1970 እ.ኤ.አ. ሌሊት ከቤንጋል ባሕረ ሰላጤ የተነሣው ዐውሎ ነፋስ፣ ያን ጊዜ ምሥራቅ ፓኪስታን ትባል የነበረችውን የዛሬዋን ባንግላዴሽ መታ። በሞቃቱ ባሕር ላይ የጎለበተው ነፋስ ውኃውን ጥልቀት ወደሌለው የባሕረ ሰላጤው ጫፍ ገፋው፤ የዕለቱ የባሕር ሙላትም ታክሎበት ማዕበሉ ዝቅተኛ ደሴቶችን ዋጠ። ከ300 ሺህ በላይ እንደሆነ የሚገመት ሕዝብ አለቀ።

ነፋሱ የተፈጥሮ ነው፤ የእልቂቱን መጠን ያበዛው ግን የገዢዎች ቸልተኝነት ነበር። ማስጠንቀቂያው ለገበሬውና ለዓሣ አጥማጁ በወጉ አልደረሰም፤ የያህያ ካን ወታደራዊ መንግሥት እርዳታም ዘገየ። ለዓመታት በበደል ሲብከነከን የኖረው የምሥራቁ ሕዝብ ፍርዱን በዲሴምበር ምርጫ ሰጠ፤ አዋሚ ሊግ ለምሥራቁ ከተመደቡት 162 የምርጫ ወንበሮች 160ውን አሸነፈ። ውጤቱ ባለመከበሩ ግጭቱ ወደ ጦርነት አመራ፤ በ1971 ባንግላዴሽ ነፃ ወጣች።

ከነፃነት በኋላ የተደራጁ በጎ ፈቃደኞች ማስጠንቀቂያውን በድምፅ ማጉያ እየተዘዋወሩ ለየመንደሩ ማድረስ ያዙ። ሠዓሊው ዘይኑል አበዲን ደግሞ የማንፑራን ደሴት ሙታን 30 ጫማ ያህል በሚረዝም ጥቅል ሥዕል ላይ አኖራቸው። ነፋስን ማገድ ለሰው አልተቻለም፤ ሰውን አስቀድሞ ማንቃት ግን ይቻላል። ሥዕሉም የሚመሰክረው ይህ ሳይደረግ የቀረበትን ሌሊት ነው።