ጠጠር ፍለጋ

ሰንጋ ተራ ዛሬ ሰንጋ የለም። ባንክ አለ፣ ኢንሹራንስ አለ፣ ከአጠገቡም 209 ሜትር ወደ ሰማይ የተመዘዘው የንግድ ባንክ ሕንፃ ቆሟል። ስሙ ግን አልሄደም። እዚህ ቦታ ላይ አንድ ዘመን የደለበ በሬ ይሸጥ እንደነበር ሳይታክት ይነግረናል። ያ በሬ ታዲያ በአይሱዙ ተጭኖ አልመጣም፤ በእግሩ ነው የመጣው። ከነጂው ጋር ወንዝ እየተሻገረ፣ ዳገት እየወጣ፣ ሣር ባገኘበት እያደረ። በዚች አገር መንገድ የሚባለውን ነገር መጀመሪያ ያሰመረው መሐንዲስ ሳይሆን ሰኮናና ባዶ እግር ነው።

ይህን ያነሣሁት ስለ ብስክሌት ላወራ ነው። ዝምድናው ይመጣል፤ ጥቂት ታገሡኝ።

ፈረንጆቹ ዘንድ ባለፉት ሃያ ዓመታት አንድ ፈሊጥ መጥቷል። ጎማው ሰፋ ያለ፣ መሪው ግን እንደ እሽቅድምድም ብስክሌት ወደ ታች የተቆለመመ ብስክሌት ይገዙና አስፋልቱን ትተው ጠጠር መንገድ ፍለጋ ይወጣሉ። ሸለቆ ወርደው ኮረብታ ይወጣሉ፣ አቧራ ጠጥተው ይመለሳሉ። አሜሪካ ውስጥ ካንሳስ ግዛት፣ ኤምፖሪያ ከምትባል ከተማ ተነሥቶ 200 ማይል (320 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው) በጠጠር ላይ የሚካሄደው ውድድር እ.ኤ.አ. በ2006 ሲጀመር ጥቂት ሰዎች ብቻ ነበሩበት፤ ዛሬ ሺዎች ይጎርፉለታል። ይህን ለእኛ ሰው ማስረዳት መከራ ነው። እኛ ከኮረኮንች ለመገላገል ስለት ስንሳል፣ እነሱ ገንዘብ ከፍለው ኮረኮንች ይፈልጋሉ!

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የጣልያኖቹ ነው። ቶስካና በሚባለው ኮረብታማ አገራቸው ነጫጭ የጠጠር መንገዶች አሉ፤ በወይን ማሳ መካከል የሚጠማዘዙ። እ.ኤ.አ. በ1997 የጋዮሌ ሰዎች እነዚህ መንገዶች አስፋልት ለብሰው እንዳይጠፉ ብለው «ኤሮይካ» የተባለ የብስክሌት ጉዞ ጀመሩ። አሮጌ ብስክሌት፣ አሮጌ ልብስ፣ አሮጌ መንገድ። ከ2007 ወዲህ ደግሞ የዓለም ታላላቅ ብስክሌተኞች በዚያው አካባቢ ጠጠር ላይ ተወዳድረው ሲየና አደባባይ ይገባሉ። ልብ በሉ፣ «ፒስታ» የሚለውን ቃል ያወረሱን እነዚሁ ጣልያኖች ናቸው። ፒስታ ብቻ አይደለም። ብስክሌት ጠጋኝ ዘንድ ጎራ ብላችሁ ብታዳምጡ ግማሹ ወሬ የነሱ ነው፤ ጎማ፣ ቸርኬ፣ ፍሬን፣ ኩሽኔታ፣ ካላማዳሪ። ካቴና የሚለውንም ሰጥተውን ነበር፤ እኛ ግን ለብስክሌት ሰንሰለት ሳይሆን ለእጅ ሰንሰለት አዋልነው። ለምን እንደሆነ የታሪክ ሰዎች ይንገሩን።

እንዲህ ሲባል መንገድ ከጣልያን ጋር መጣ ማለት አይደለም። ምኒልክ አዲስ አበባን ከአዲስ ዓለም የሚያገናኘውን መንገድ በ1890ዎቹ አሠርተዋል። ሠርኪስ ተርዚያን የተባለው አርመናዊ ነጋዴ ያስመጣው የእንፋሎት መኪናም ያን ሰሞን የከተማው ጉድ ነበር፤ ሕዝቡ «የሠርኪስ ባቡር» ብሎ ስም አወጣለት። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የገዛን ጣልያን የሠራው መንገድ በመጠን ከዚህ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ የጣርማ በርን ዋሻ ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል። ግን የተሠራው ለጦሩ ነው። ጦሩ ሲባረር መንገዱ ቀረ፣ ጠጋኝ አጣ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ይሸረሸር ጀመር። በ1943 ዓ.ም. የዓለም ባንክ ለመንገድ ጥገና 5 ሚሊዮን ዶላር አበደረን፤ ለአፍሪካ አገር ብድር ሲሰጥ ያን ጊዜ መጀመሩ ነበር። በዚያው ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። የአገሩ መንገድ ሁሉ ተደምሮ 6,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ግማሽ ያህሉ ጠጠር ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ዘለል አድርጌ ልለፈው። በ2003 ዓ.ም. ቀበሌዎችን ሁሉ ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ለማገናኘት ታቅዶ፣ በአምስት ዓመት ከ71 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የገጠር መንገድ ይሠራል ተባለ። የታቀደው ሁሉ አልተሠራም፤ ከተሠራውም ጎርፍ የጠረገው አለ። ቢሆንም ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ተሸክሞ ግማሽ ቀን ለተጓዘ ሰፈር፣ ጠጠር ማለት የዘመን ለውጥ ነው። ስለዚህ የቶስካናን ሰዎች ሰምተን «ኮረኮንቻችን ቅርስ ነው፣ አትንኩብን» እንዳንል። እነሱ አስፋልቱ ደጃቸው ስላለ ነው ጠጠር የናፈቃቸው።

ከጠጠርም በፊት የነበረውን ማየት የሚሻ በሞጣ በኩል ወደ ዓባይ ይውረድ። ሰባራ ድልድይ እዚያ ነው። ከፋሲለደስ ዘመን ጀምሮ ጎጃምን ከበጌምድር ሲያገናኝ የኖረ የድንጋይ ድልድይ ነው። በጣልያን ጊዜ ጠላት እንዳይሻገርበት አርበኞች መሐሉን ሰበሩት፤ ስሙም ከዚያ ወጣ። ከዚያ በኋላ ለስድሳ ዓመት ያህል ሰው በገመድ ወገቡን ታስሮ ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ይጎተት ነበር፤ ከበታቹ ዓባይ እያገሳ። ገበያተኛው፣ ሠርገኛው፣ ለቅሶ ደራሹ ሁሉ በዚያች ገመድ ላይ አለፈ። እ.ኤ.አ. በ2001 ይህን የሚያሳይ ፎቶግራፍ ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ ወጣ። ኬን ፍራንዝ የሚባል አሜሪካዊ ሥራ ተቋራጭ አይቶት መጣና ከአገሬው ጋር ሆኖ ክፍተቱን በብረት ሞላው። በ2005 ጎርፍ ወሰደው። በ2009 ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። ድልድዩ የተሰበረበት ምክንያት ያኮራል። ስድሳ ዓመት ሳይጠገን የቀረበት ምክንያት ግን ሌላ አይደለም፤ መኪና የማይሻገርበት ስለሆነ ነው።

ከዚያ ወደ ታች፣ አውራው ጎዳና ዓባይን የሚሻገርበት ቦታ ደግሞ የብስክሌቱ ታሪክ ነው። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ከካይሮ ተነሥተው ኬፕታውን ድረስ በብስክሌት የሚጓዙ ፈረንጆች በመተማ ይገቡ ነበር። ያን ጊዜ ከድንበሩ እስከ ጎንደር ያለው ጠጠር ነበር። ባሕር ዳርን አልፈው፣ ከደጀን ቁልቁል ወደ በረሃው ይወርዱና ወደ ጎሐ ጽዮን ያለውን ዳገት ይያያዙታል። ከሺህ ሜትር በላይ ሽቅብ ነው። ያን ዳገት የወጣ ፈረንጅ አገሩ ገብቶ ለልጅ ልጁ ያወራዋል። ከዳገቱ ጋር አብሮ የሚያወራው ሌላም ነገር አለ፤ የልጆቹን ድንጋይ።

እዚህ ላይ ዝም ብለን ማለፍ የለብንም። በየመንገዱ ዳር «ዩ! ዩ!» እያለ፣ «ሃይላንድ!» እያለ ባዶ ጠርሙስ የሚለምነው እረኛ፣ አንዳንዱ ድንጋይ ይወረውራል። ነውር ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ግን እስቲ በልጁ ዓይን እንየው። በገጠር መንገድ ላይ መንገደኛ ዝም ብሎ አያልፍም። «እንደምን ዋላችሁ» ይላል፣ ከወዴት መጣህ ይባላል፣ ውሃ ይጠይቃል፣ ጥላ ሥር ያርፋል። መኪና ዝም ብሎ ቢያልፍ መኪና ነው። ይህኛው ግን በእግሩ እየረገጠ፣ ላቡን እያንጠፈጠፈ፣ ፊቱ እየታየ፣ ሰላም ሳይል ያልፋል። ለልጁ እንቆቅልሽ ነው። እንቆቅልሹን በድንጋይ መፍታቱን አልደግፍም፤ ያ ልጅ አንድ ቀን እንኳ ብስክሌት ላይ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ግን ድንጋዩን የሚያነሣ አይመስለኝም። አሁን የሚወረወርበትም የለም። ሱዳን በ2015 ዓ.ም. ጦርነት ውስጥ ከገባች፣ በአማራ ክልልም ግጭቱ ከተቀጣጠለ ወዲህ፣ ያ መንገድ ለፈረንጅ ብስክሌተኛ ቀርቶ ለአገሬው መንገደኛም የሥጋት መንገድ ሆኗል።

ብስክሌት ለእኛ እንግዳ ሆኖ አይደለም። በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስንገባ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞች ነበሩን፤ ገረመው ደንቦባ አንዱ ነው። የመቀሌው ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. ቱር ደ ፍራንስን በመጋለብ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ባሕር ዳርና ሐዋሳ ያለ ብስክሌት አይታሰቡም። አዲስ አበባ እንኳ፣ በሰዓት በሚከራይ ብስክሌት ጉልበቱን ያልላጠ የሰፈር ልጅ ስንቱ ነው? በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማትም ለብስክሌት የተለየ መስመር ተሰምሮለታል። የቀረው ገጠሩ ነው። ገበሬው ዘንድ ብስክሌት አልደረሰም።

ዳገቱ ነው እንላለን። ሩዋንዳ «የሺህ ኮረብታዎች አገር» ትባላለች። እዚያ ድንች የሚጫነው በብስክሌት ነው፤ ሰው ተሳፍሮ ገበያ የሚሄደው በብስክሌት ነው፤ ዳገት ሲመጣ ወርዶ መግፋት ነው እንጂ ሌላ ጥበብ የለውም። በመስከረም 2018 ዓ.ም. የዓለም የመንገድ ብስክሌት ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አፍሪካ ሲመጣ ያረፈው በዚያችው ኮረብታማ ኪጋሊ ነው። እኛስ? የሰላሌ ሜዳ ከኪጋሊ ዳገት ይከፋል?

ዳገቱ ሳይሆን አቆጣጠራችን ይመስለኛል። አንድ ጠጠር መንገድ ደረጃው ይደግ አይደግ የሚባለው በቀን ስንት ተሽከርካሪ ያልፍበታል ተብሎ ነው። ቆጣሪው ወረቀቱን ይዞ መንገድ ዳር ይቀመጣል። አይሱዙ ሲያልፍ አንድ ጭረት። ሚኒባስ ሲያልፍ አንድ ጭረት። ቀኑ የገበያ ቀን ከሆነ፣ ከጠዋት ጀምሮ እህል የጫነ አህያ፣ ዶሮ በእጇ ያንጠለጠለች ሴት፣ ደብተሩን በብብቱ የያዘ ተማሪ፣ ወደ ከተማ የሚነዳ ሰንጋ መንገዱን ሞልተው ያልፋሉ። ለእነሱ ወረቀቱ ላይ ዓምድ የላቸውም።