ሁለት በሮች፦ የጋስ ግሪሰም ዕጣ

የጠፈር ጉዞ ታሪክ ሲነሣ በጨረቃ ላይ የተራመዱት ይወደሳሉ። ወደ ጨረቃ የሚወስደውን መንገድ ሲያዘጋጅ በምድር ላይ የሞተውን ጋስ ግሪሰምን የሚያነሡት ግን ጥቂቶች ናቸው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ግሪሰም በ1926 በኢንዲያና ግዛት፣ ሚቸል በምትባል ትንሽ ከተማ ከባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ተወለደ። በኮሪያ ጦርነት 100 የውጊያ በረራዎችን ፈጸመ፤ በ1959 ከመጀመሪያዎቹ ሰባት አሜሪካውያን ጠፈርተኞች አንዱ ሆኖ ተመረጠ።

ጁላይ 21 ቀን 1961 «ሊበርቲ ቤል 7» በተባለች መንኮራኩር 15 ደቂቃ ያህል በርሮ አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ አረፈ። ሄሊኮፕተሩን ሲጠባበቅ ሳለ ግን በፈንጂ የሚከፈተው በር ሳይታሰብ ተበረገደ። እርሱ ከመስጠም ለጥቂት ተረፈ፤ መንኮራኩሯ ሰጠመች። «ደንግጦ ራሱ ከፈተው» የሚል ሐሜትም ተከተለው። በ1962 ባልደረባው ዋሊ ሺራ ተመሳሳዩን በር ሆን ብሎ ሲከፍት የመክፈቻው ምት እጁን ጎዳው፤ በግሪሰም እጅ ላይ እንዲህ ያለ ምልክት አልታየም ነበር። ሐሜት ግን ማስረጃ አይጠይቅም።

ግሪሰም መልሱን በሥራ ሰጠ። በማርች 1965 ከጆን ያንግ ጋር «ጀሚኒ 3»ን አበረረ፤ መንኮራኩሯንም ከታይታኒክ አደጋ በተረፈችው ሴት ስም «ሞሊ ብራውን» አላት። የሚያሾፉበትን ቀድሞ በራሱ ላይ ቀለደ።

ጃንዋሪ 27 ቀን 1967 በፍሎሪዳ በአፖሎ 1 የምድር ላይ ልምምድ ሳለ እሳት ተነሣ። ክፍሉ በንጹሕ ኦክሲጅን የተሞላ ነበርና ነበልባሉ በቅጽበት ተዛመተ። በሩ ወደ ውስጥ የሚከፈት ስለ ነበር የውስጡ ግፊት ተጭኖ አላስከፍት አለ። ግሪሰም፣ ኤድ ዋይትና ሮጀር ቻፊ በዚያው አለፉ። ያለ ጊዜው የተከፈተ በር ስሙን አጎደፈበት፤ በጊዜው ያልተከፈተ በር ሕይወቱን ወሰደ።

ከዚያ በኋላ በሩ በሰከንዶች ውስጥ ወደ ውጭ እንዲከፈት ሆኖ ተሠራ፤ ሲነሡ በሚሞላው አየር ላይ ናይትሮጅን ተጨመረ፤ በቀላሉ የሚቀጣጠሉ ዕቃዎችም ተለወጡ። በ1969 ጨረቃን የረገጡት በዚህች በታደሰች መንኮራኩር ሄደው ነው።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላሉ አበው። «ሊበርቲ ቤል 7» በ1999 ከ4,500 ሜትር በላይ ጥልቀት ካለው የባሕር ወለል ወጣች፤ በሯ ግን አልተገኘም። ባሕሩ ምስክርነቱን ቢነፍገውም፣ ከእርሱ በኋላ ወደ ጨረቃ የተጓዙት ሁሉ የተቀመጡት ፈጥኖ ከሚከፈት በር ሥር ነበር።