«ትጋህ»፦ መርከበኞች «ዎች» ለሚሉት

በመካነ ሰላም ዙሪያ፣ በቦረና ደጋ፣ እህሉ ሲያሸት ማማ ይሠራል። ቀን ዝንጀሮ፣ ሌሊት ጃርት ማሳው ላይ ስለሚወርድ አንዱ ወንጭፉን ይዞ ይቀመጣል፤ ሲደክመው ሌላው ይተካዋል። መርከበኞች «ዎች» የሚሉትን ሥራ ባሕር ላላየ ሰው ለማስረዳት ከዚህ የቀረበ መነሻ የለኝም። ስሙን ግን ከማሳው መውሰድ ያሳስታል፤ «ጥበቃ» ብንለው አንባቢ ሌባ ይጠብቃል።

ዎች መርከቧ በጉዞ ላይ ሳለች በየተራ ነቅቶ የመምራትና የመከታተል ግዴታ ነው። በተለመደው አደላደል 4 ሰዓት ተሠርቶ 8 ሰዓት ይታረፋል፤ ከሌሊቱ 6 እስከ 10 ሰዓት የቆመ መኮንን ቀንም ከ6 እስከ 10 ይመለሳል። ተራው መሪው ዘንድ ብቻ አይደለም። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ካለው የማሪታይም ማሠልጠኛ የወጡ የኛ መሐንዲሶች የሚቆሙት ታች፣ ሞተሩ ዘንድ ነው።

ቃሉን ለመተርጎም ጎረቤቶቹን መጠየቅ ይጠቅማል። «ቢብሊዮሜትሪክስ» የሚባለው፣ እኔ የጥናት ቆጠራ የምለው ዘዴ የሚሠራው ይህንኑ ነው፦ የብዙ ጽሑፎች ርዕስና ቁልፍ ቃላት ይሰበሰባሉ፤ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚመጣ ኮምፒውተር ይቆጥራል፤ አብረው የሚዘወተሩት ካርታ ላይ ተጠጋግተው ይሰፍራሉ። ዓመቱ ሲጨመር የትኛው ርዕስ እየደመቀ፣ የትኛው እየከሰመ እንደሄደ ይታያል። በኔዘርላንድስ የላይደን ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ቮስቪወር ለዚህ የታወቀ ፕሮግራም ነው። (ካርታው ቆጠራ እንጂ ፍርድ አይደለም፤ በአማርኛ የተጻፈ ጥናትም አብዛኛውን ጊዜ አይገባበትም።)

የዎች ጎረቤቶች ድካም፣ እንቅልፍና የዕረፍት ሰዓት ናቸው፤ በቅርቡ ደግሞ ያለ ሰው የሚጓዙ መርከቦች ተጨምረዋል። እ.ኤ.አ. በ1989 ኤክሶን ቫልዴዝ የተባለችው ነዳጅ ጫኝ መርከብ አላስካ ላይ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እንዳለፈ ከዓለት ስትላተም መርማሪዎች ከጠቀሷቸው ምክንያቶች አንዱ የተረኛው መኮንን ድካም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው፣ ኋላም የተሻሻለው የመርከበኞች ሥልጠናና ዎች ዓለም አቀፍ ስምምነት በ24 ሰዓት ቢያንስ 10፣ በ7 ቀን 77 ሰዓት ዕረፍት ያዛል።

ስለዚህ ስሙ ከንቃት ይምጣ። ግእዝ ሳይተኛ ለሚተጋ «ተግሀ» ይላል፤ በመጽሐፈ ሄኖክ የማይተኙት መላእክት «ትጉሃን» ናቸው፤ በአማርኛው መዝሙረ ዳዊትም የሌሊቱ ክፍል «ትጋት» ተብሏል። ትጋት ዛሬ ወደ ታታሪነት ስላደላ «ትጋህ»ን መርጫለሁ፦ ትጋህ መያዝ፣ ባለ ትጋህ፣ ትጋህ ማስረከብ። የመጨረሻው ደንብ አለው። ዐይኑን እያሸ ለመጣ፣ ሥራውን ለመሸከም የማይችል ለሚመስል ተተኪ ትጋህ አይሰጥም፤ መኮንኑ ባለበት ቆሞ ካፒቴኑን ያስጠራል።