«ዘአሐዱ ቀርኑ» እና «አውራሪስ»፦ የአንድ የመዝሙር ቃል ታሪክ

በአዲስ ከተማ፥ በመርካቶ መጻሕፍት ሻጮች ዘንድ፥ ግእዙ ከአማርኛው ጋር የታተመ መዝሙረ ዳዊት ይገኛል። ገዢው 91ኛውን መዝሙር (በዕብራይስጡ ቍጥር 92ኛውን) ሲደግም «ዘአሐዱ ቀርኑ» ከሚል የእንስሳ ስም ላይ ይደርሳል። ይህ ባለ አንድ ቀንድ ምንድር ነው ብሎ ቢጠይቅ፥ «አውራሪስ ነው» የሚል መልስ ሊሰማ ይችላል። መልሱ በመዝገበ ቃላት እንደ ፍቺ ከገባ ግን የቃሉ ታሪክ ይጠፋል።

የዕብራይስጡ ቃል «ርኤም» ነው። የአካድኛው አቻ «ሪሙ» የዱር በሬ ማለት ነው። ዕብራይስጡን ወደ ግሪክኛ የመለሱት ሊቃውንት «ሞኖኬሮስ»፥ ማለትም ባለ አንድ ቀንድ፥ አሉት፤ የግእዝ ተርጓሚዎችም ከግሪክኛው ስለ መለሱ ቃል በቃል ተከተሉ።

ታዲያ አውራሪስ ከየት መጣ? ስሙ «አርዌ ሐሪስ» ከሚለው ግእዝ የወጣ ነው። በ6ኛው መቶ ዓመት ወደ አክሱም የመጣው ነጋዴ ኮስማስ ይህንኑ ስም በግሪክ ፊደል መዝግቦልናል። የሚያስደንቀው ግን አውራሪስንና ባለ አንድ ቀንዱን ለይቶ መጻፉ ነው፤ ሁለተኛውን በሕይወት እንዳላየ፥ ነገር ግን በኢትዮጵያ ንጉሥ ግቢ አራት የናስ ምስሎቹን እንዳየ ይናገራል። ጄምስ ብሩስ በ1790 (እ.ኤ.አ.) በታተመው የጉዞ መጽሐፉ ርኤም አውራሪስ ነው ሲል ተከራከረ።

ክርክሩ አይጸናም። የአገራችን አውራሪስ ራሱ ባለ ሁለት ቀንድ ነው። ከዚህ የሚበልጠው ማስረጃ ያለው ግን በግጥሙ አሠራር ውስጥ ነው። የዕብራይስጥ ግጥም አንዱን ሐሳብ በሁለት ጥንድ ስንኞች ይመልሰዋል፤ ሮበርት ላውዝ በ1753 (እ.ኤ.አ.) ይህን ሥርዐት ካብራራ ወዲህ፥ ፍቺው የጠፋ ቃል ሲያጋጥም ጥንዱን መመልከት ተለምዷል። ርኤም በዕብራይስጡ 29ኛ መዝሙር ከጥጃ፥ በዘዳግም 33፥17 ከበሬ ጋር ተጣምሯል። በዘዳግም ቀንዶቹ ከአንድ በላይ ናቸው፤ ግሪክኛው ግን ባለ አንድ ቀንዱን ብዙ ቀንድ ከመስጠት አልተመለሰም! በኢዮብ 39 ደግሞ ለእርሻ ይጠመድ እንደ ሆነ ይጠየቃል፤ ጥያቄው የሚሰምረው በሬ ለሚመስል እንስሳ ብቻ ነው።

በእኛ አስተያየት ዳዊቱን ማረም አይገባም፤ ደጋሚው የሚያውቀው የግእዙን ንባብ ነው። መዝገበ ቃላቱ «ዘአሐዱ ቀርኑ»ን በቦታው አኑሮ፥ እንደ አንድምታ መምህራን ልማድ የዱር በሬውን «አንድም» ብሎ ከሥሩ ያስከትል፤ «አውራሪስ» ግን በራሱ አርእስት፥ ከ«አርዌ ሐሪስ» ጋር ይቀመጥ።