ሲቋረጥ የሚናገር ሽቦ

ከጎንደር ተነስቶ በሸህዲ በኩል ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍ የሚደርስ የ230 ኪሎ ቮልት የኤሌክትሪክ መስመር አለ። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2007 ገንዘብ ፈቀደለት፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ኢትዮጵያ በዚሁ መስመር ለሱዳን ኃይል መሸጥ ጀመረች። ምሰሶዎቹ ከሩቅ ይታያሉ። በዛሬ የኃይል ማከፋፈያ ጣቢያዎች ውስጥ ግን ብዙ ሰው ልብ የማይለው ትንሽ ሳጥን አለ፦ የኢንዱስትሪ ኔትወርክ ስዊች። መለኪያዎቹና መቆጣጠሪያዎቹ የሚነጋገሩት በእሱ በኩል ነው።

እስቲ አስቡት። ሚያዝያ ነው፤ የሳንጃና የመተማ ቆላ ይነዳል። ቴክኒሻኑ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ጎንደር ነው። ስዊቹ በድንገት ኃይል አጣ። «ጠፋሁ» የሚል መልእክት እንዳይልክ፣ መላኪያው ራሱ እሱ ነው! ታዲያ የሞተ ነገር መሞቱን እንዴት ይናገራል?

መልሱ የተገኘው ኮምፒውተር ከመምጣቱ በፊት፣ ባቡር ሐዲድ ላይ ነው። አሜሪካዊው ዊልያም ሮቢንሰን እ.ኤ.አ. በ1870 ፔንሲልቬንያ ውስጥ የባቡር ምልክት ተከለ። ባቡር ሲገባ ሽቦው ይገናኝና ምልክቱ «አደጋ» ይላል። ግን ሽቦው ቢበጠስስ? ባትሪው ቢያልቅስ? ምልክቱ «መንገዱ ነፃ ነው» እንዳለ ይቀራል፣ ባቡሩ እዚያው ቆሞ!

በ1872 ነገሩን ገለበጠው። አሁን ደካማ ጅረት በሐዲዱ ውስጥ ሁልጊዜ ይፈስሳል፤ ሪሌይ የሚባለው ባለማግኔት ማብሪያ ማጥፊያም በዚያ ጅረት ተስቦ ይቆያል። የባቡሩ ጎማዎች ሁለቱን ሐዲዶች ሲያገናኙ ጅረቱ በአቋራጭ ያልፋል፤ ሪሌዩ ይለቃል፤ ምልክቱ ይለወጣል። ሽቦ ሲበጠስም ይለቃል። ባትሪ ሲሞትም ይለቃል። ሪሌይ ራሱ በቴሌግራፍ ዘመን የታወቀ ዕቃ ነበር፤ ለእኔ ትልቁ ፈጠራ ግልበጣው ነው።

የዛሬው ስዊች የአላርም ተርሚናልም ያው ነው። በብዙዎቹ ሞዴሎች ስዊቹ ጤነኛ ሲሆን ሪሌዩ ሁለቱን የአላርም ሽቦዎች ያገናኛል፤ ኃይል ሲጠፋ ይለያያቸዋል። ተርሚናሉ የሚከፈትና የሚዘጋ በር እንጂ የኃይል ምንጭ አይደለም፤ ስለዚህ ደወሉ ኃይሉን ከሌላ ቦታ ማግኘት አለበት።

የኃይል መግቢያው ደግሞ ሁለት ነው፤ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይሸከማል። ሁለቱንም ከአንድ ፊውዝ ከወሰዳችሁ ግን ያላችሁ ሁለት ሽቦ እንጂ ሁለት ምንጭ አይደለም። (በነገራችን ላይ፣ ብዙ የቴሌ መሣሪያ ላይ «-48 ቮልት» የሚል ታያላችሁ። ከድሮ የስልክ ማዕከላት የተወረሰ ነው፦ ባለ 2 ቮልት ባትሪ 24 ጊዜ ተቀጣጥሎ 48 ይሆናል፤ ፖዘቲቩ ከመሬት ጋር የሚታሰረው የመዳብ ሽቦው በእርጥበት እንዳይበላ ነው።)

ጥሩ ባለሙያ ታዲያ አረንጓዴው መብራት ስለበራ ብቻ ዕቃውን ሰብስቦ አይሄድም። አንዱን መግቢያ ይነቅላል፦ ስዊቹ ሥራውን ይቀጥላል፣ ደወሉ ግን መጮኽ አለበት። (በብዙ ሞዴሎች ለዚህ የምትስተካከል ትንሽ ማብሪያ አለች።) መልሶ ይሰካና ሌላውን ይነቅላል። ከዚያ ሁለቱንም። በመጨረሻ የአላርሙን ሽቦ ራሱን ይነቅላል፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይኸኛው ነው።