«ክራምብስ»፦ በሰማይ ተንጠልጥሎ የቀረው መርከብ

«ክራምብስ» እ.ኤ.አ. በ2015 ለእይታ የበቃ፣ በኢትዮጵያ የተቀረጸና በአማርኛ የሚነገር የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም ነው። ርዕሱ «ፍርፋሪ» ማለት ነው። ፊልሙን ያዘጋጀው ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ሲሆን፣ ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ በመሪ ተዋናይነት ሠርተውበታል። የ68 ደቂቃ ርዝመት ያለው ይህ ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በሮተርዳም ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫል ነው።

ታሪኩ የሚፈጸመው ዓለም ከፈረሰች በኋላ ነው። ለዓመታት ከሰማይ ሳይወርድ የዛገ የኅዋ መርከብ አንድ ቀን የመንቀሳቀስ ምልክት ያሳያል። ቁራሊዮ እየለቀመ የሚኖረው ካንዲ ራሱን ከሌላ ዓለም የመጣ አድርጎ ያምናል፤ መርከቡም ወደ አገሩ የሚመልሰው ይመስለዋል። ስለዚህ ከባልንጀራው ከበርዲ ተለይቶ ረጅም ጉዞ ይጀምራል። ከቀረጻ ስፍራዎቹ አንዱ በአፋር የሚገኘው ዳሎል ነው። ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለው፣ በድኝና በጨው ቢጫና አረንጓዴ የለበሰው ይህ ምድር ያለ ምንም የስቱዲዮ ጌጥ ሌላ ፕላኔት ይመስላል።

በኅዋ መንገድ ላይ የቀሩ ተጓዦች ታሪክ በቴሌቪዥንም የቆየ ነው። ከታወቁት መካከል «ጋሊሊዮ ሰባት» የተሰኘው የ«ስታር ትሬክ» ክፍል ይገኝበታል። እ.ኤ.አ. ጥር 5 ቀን 1967 በአሜሪካ በተላለፈው በዚህ ክፍል ሰባት ሰዎችን የያዘች አነስተኛ መንኰራኩር በማትታወቅ ፕላኔት ላይ ትወድቃለች። ለመነሣት 500 ፓውንድ፣ ማለትም 227 ኪሎ ግራም ገደማ፣ መቀነስ ግድ ይሆናል፤ ይህም ሦስት ሰዎችን ትቶ መሄድ ማለት ነው። አዛዡ ስፖክ ውሳኔውን በስሌት ብቻ ለመስጠት ሲሞክር ባልደረቦቹ ይቃወሙታል። የኋላ ኋላ ግን የቀረውን ነዳጅ በአንድ ጊዜ ለቆ ያቀጣጥለዋል፤ እናት መርከባቸው እሳቱን አይታ አምስቱን በሕይወት ታተርፋለች።

ሁለቱ ሥራዎች የሚያነሡት ጥያቄ የተለያየ ነው። «ጋሊሊዮ ሰባት» ማን ይሂድ፣ ማን ይቅር ሲል ይጠይቃል። «ክራምብስ» ደግሞ ብዙ ዘመን ከቆየ በኋላ የሚመለሱበት አገር በእርግጥ አለን ይላል።

በዓረብኛ መንገድ ላይ የቀረ ሰው «ዓሊቅ» ይባላል፤ ቃሉ ከ«መንጠልጠል» ጋር አንድ ሥር አለው። የዓረብኛ ዜናዎች በየመን ለቀሩት ስደተኞች የሚጠቀሙበት ቃል ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት በየመን ከ32 ሺህ በላይ ስደተኞች መውጫ አጥተው መቅረታቸውን ገምቶ ነበር፤ አብዛኞቹም ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በኤደን ሆኖ ወደ አገሩ የሚመልሰውን በረራ ለሚጠብቅ ሰው፣ ካንዲ ዐይኑን ከሰማይ ያላነሣበት ምክንያት ማብራሪያ አያሻውም።