የሜሪ ሮጀርስ ሞትና የኤድጋር አለን ፖ እርማት

ጁላይ 25 ቀን 1841 (እ.ኤ.አ.) እሑድ ነበር። ሜሪ ሮጀርስ አክስቷን ልትጠይቅ መሆኑን ለእጮኛዋ ነግራ፣ እናቷ ክፍል ከምታከራይበት የኒው ዮርክ ቤት ወጣች፤ አልተመለሰችም። ከሦስት ቀን በኋላ ሬሳዋ ከሃድሰን ወንዝ ማዶ፣ ሆቦከን ዳርቻ ላይ ተገኘ። ዕድሜዋ ሃያ ገደማ ነበር። ብሮድዌይ ላይ ባለ የትምባሆ ሱቅ ሲጋራ ትሸጥ ስለነበር ጋዜጠኞቹ በመልክ ያውቋት ነበር፤ ሞቷንም ለሳምንታት ተረባረቡበት። ከተማው ገና የተደራጀ ፖሊስ አልነበረውምና መላ ምቱም፣ ፍርዱም በጋዜጣ ላይ ሆነ።

ቆየት ብሎ ከሆቦከን አጠገብ ባለችው ዊሃውከን መጠጥ ቤት የነበራት የፍሬደሪካ ሎስ ልጆች ቁጥቋጦ መሐል የሴት ልብስ አገኙ፦ ነጭ የውስጥ ቀሚስ፣ የሐር ሻርፕ፣ ጃንጥላ፣ የሜሪ ስም መነሻ ፊደላት ያሉበት መሐረብ። በኦክቶበር የሜሪ እጮኛ እዚያው አካባቢ ሄዶ ላውዳነም የተባለውን የኦፒየም መድኃኒት ጠጥቶ ሞተ።

ደራሲው ኤድጋር አለን ፖ ይህን ሁሉ ያነበበው ፊላደልፊያ ተቀምጦ ነው። ጉዳዩን ወደ ልብ ወለድ ታሪክ ለወጠው፦ ሜሪን «ማሪ ሮዤ» አላት፤ ሃድሰንን የፓሪሱ የሴን ወንዝ፣ የትምባሆውን ሱቅ የሽቶ ሱቅ አደረገው። ልብ ወለድ መርማሪው ዱፐን ጋዜጣ እያገላበጠ፣ ገዳዮቹ የወሮበላ ቡድን ናቸው የሚለውን ወሬ ውድቅ አድርጎ ጣቱን አንድ የባሕር ኃይል መኮንን ላይ ይቀስራል። ፖ ለአዘጋጆች በጻፈው ደብዳቤ የእውነተኛውን ጉዳይ ፍንጭ እንዳገኘ ተናግሮ ነበር። ታሪኩ በሦስት ክፍል በኖቬምበር 1842 በመጽሔት መውጣት ጀመረ።

በዚያው ወር ፍሬደሪካ ሎስ ልጇ ሳያስበው በተኮሰባት ጥይት ቆስላ ሞተች። ሎስ ከመሞቷ በፊት፣ ሜሪ ከአንድ ወጣት ሐኪም ጋር ወደ መጠጥ ቤቱ መጥታ ጽንስ ሲያስወርዳት እንደሞተች ተናዝዛለች የሚል ዜና ወጣ። ጉዳዩን የያዘው ዳኛ ኑዛዜውን አስተባበለ። ዜናው ግን የፖን መደምደሚያ ናደበት። የመጨረሻው ክፍል ዘግይቶ በፌብሩዋሪ 1843 ወጣ።

በግምት መሳሳት ያለ ነው፤ ለዚያ ፖን አልወቅሰውም። የሚያንገበግበኝ ቀጥሎ ያደረገው ነው። በ1845 ታሪኩን በመጽሐፍ ሲያሳትም እዚህም እዚያም ጥቂት ቃላት ቀያየረ፤ ሞቱ በመጠጥ ቤቱ የደረሰ ድንገተኛ አደጋም ሊሆን እንደሚችል የሚጠቁሙ ሐረጎች ሰነቀረ። ከሥሩም የሁለት ሰዎች ኑዛዜ ግምቱን ሙሉ በሙሉ እንዳረጋገጠለት የግርጌ ማስታወሻ ጻፈ። የሞተች ልጅ ጉዳይ ለመርማሪው ብልህነት ማስመስከሪያ ሆነ ማለት ነው። እናቷ በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ ከጥግ አትወጣም።

ለሜሪ ሞት የተፈረደበት ሰው የለም። አንባቢ ዛሬ የሚያገኘው በአብዛኛው የ1845ቱን እትም ነው፤ የግርጌ ማስታወሻውም አብሮት ይታተማል።